ሰባተኛው በርሜል የሰማው

ጥር 4

ጠርሙስ ሳጥብ ዋልኩ። አንድ ነገር አለ፤ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ለመጻፍም አፈርኩ... አምና ቢራውን አናግሬዋለሁ።

እኛ ቤት ቢራ የሚጠመቀው ቤልጂየሞች እንደሚያደርጉት ነው። እርሾ አይጨመርበትም። የተቀቀለው የብቅል ውሃ ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል፣ ሰፊው የመዳብ ገንዳ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ከክፍሉ አየር የሚገባበት ነገር እርሾ ይሆነዋል። ስለዚህ ግድግዳው አይቀባም፣ የሸረሪት ድር አይጠረግም። በርሜል የሚጠግነው ሽማግሌ፣ ጋሼ በርሜል፣ «ሸረሪቷም ደሞዝተኛ ናት» ይላል። ገንዳው ሞልቶ ሳለ ደግሞ ሰው አይገባም።

እኔ ገባሁ። አባዬ ጠርሙስ አጣቢ አጥቶ ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣኝ ሳምንት ነበር። ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እየመታኝ፣ «እኔ እዚህ አልቀርም» አልኩ። ሦስቴ።

ያ ውሃ አሁን ሰባተኛው በርሜል ውስጥ ነው። ነገ ይቀመሳል።

ጥር 5

ጋሼ በርሜል ቀመሰ። እኔ አልጠጣም፤ ብርጭቆ ማቀበል ነው ሥራዬ።

«እንዴት ነው?» አለችው አክስቴ።

«ኮምጠጥ ይላል። መጨረሻው ላይ ግን... እንጃ። ሰው ሰው ይሸታል።»

«አንተኑ ይሆናላ። ከታጠብክ ስንት ጊዜህ?»

ሳቁ። እሱ ግን ሳቁን አልጨረሰም። ብርጭቆውን አስቀመጠና «እኔ እዚህ አልቀርም» አለ። በቀስታ። ልክ እኔ እንዳልኩት፣ መጨረሻዋን እየዋጠ።

ከዚያ «ምን አልኩ?» ብሎ ጠየቀን።

ጥር 6

ጋሼ በርሜል አልመጣም። ሠላሳ ዓመት ቀርቶ አያውቅም። መዶሻው እንዳስቀመጠው ነው። ቤቱም ዝግ ነው አሉ።

ጥር 8

አጋጣሚ ነው። አይደል?

ዛሬ አክስቴ ቀመሰች። ልከለክላት ፈልጌ ነበር... አፌ ተያዘ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «እኔ እዚህ አልቀርም» ያለችው ብርጭቆውን እያደረቀች ነው። ሦስቴ። ሦስተኛው ላይ ሳግ ያዛት። እኔንም ያን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ይዞኝ ነበር። ያንን ማን ነገራት?

ከሰዓት ልብሷን ስታጥፍ አገኘኋት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እንጃ፣ የኔ ልጅ።» ቀና ብላ አላየችኝም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግሬ ነው ተነሺ የሚለኝ።»

ጥር 9

አክስቴ ሄደች። አባዬ ከበር ሲጠራት ዞር አላለችም። አሁን እሱና እኔ ብቻ ነን።

«ሁለት ሰው ያባረረ ቢራ! ነገ ጠዋት ራሴ ቀምሼ አየዋለሁ» አለ። ሊያስቀኝ ነው። ዓይኑ ግን ቀልቷል።

እሱም ከሄደስ? መሄድ የፈለግኩት እኔ፣ ብቻዬን የምቀረውም እኔ...

በርሜሉ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። እስከ ትናንት ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። ዛሬ ዝም። የሚያዳምጥ ሰው ዝም እንደሚለው።

ላፈስሰው አሰብኩ። ወለሉ ቢመጠውስ? ግድግዳው ቢጠጣውስ? አይሆንም። ቃሉ የኔ ነው፤ መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ።

ነገ አባዬ ከመቅመሱ በፊት፣ ትምህርት ቤት መመለስ እፈልጋለሁ እለዋለሁ። ፊት ለፊት፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ። ቢቆጣም ይቆጣ። ድምፄ አልወጣ ካለኝ፣ እስኪወጣ ድረስ ብርጭቆ የያዘውን እጁን አልለቅም።