ለፎቶ ብለን የሰቀልነው ምንጣፍ

የካቲት 4 ቀን 2008፣ ዓርብ

ዛሬ አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ። እሱም ለመታወቂያ። ሰውየው ሲጨርስ ስልኩን አውጥቶ ራሱን አነሳ... እዚያው ፎቶ ቤቴ ውስጥ! ሳቅኩ እንጂ ምን ልበል።

የሟቹ ባለቤቴ የእንደሻው ወንድም አባይነህ መጣ። «እትዬ ሰገነት፣ ዘንድሮ ፈረስ መጋላ ላይ ፎቶ ቤት ማን ይገባል? የስልክ መሸጫ እናድርገው።» እስከ ፋሲካ ታገሠኝ አልኩት። እስከ ፋሲካ ምን ሊመጣ? እንደሻውዬ፣ አንተ ብትኖር...

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ልጄ ባርኮት መላ አመጣች። የጉዞ ፎቶ እየተቀበለ ለመጽሔትና ለአስጎብኚ የሚሸጥ የውጭ ድረ ገጽ አለ አለች። የሐረርን ጅብ፣ ሸዋ በርን፣ ገበያውን፣ ሁሉንም ላክን። እንደሻው በፊልም ያነሳው እንኳ አልቀረ።

የካቲት 21

ሁሉም ተመለሰ። «ተመሳሳይ ብዙ አለን» ነው መልሱ። የሐረር ጅብ እኔ ሳልሰማ ዓለምን ዞሮ ኖሯል ለካ!

«እማ፣ ማንም ጋ የሌለውን አንሺ» ትለኛለች ባርኮት። ማንም ጋ የሌለውን ታዲያ ማን ይፈልገዋል? ሰው ድረ ገጹ ላይ ጅብ ብሎ ይጽፋል፣ ጅብ ይመጣለታል። የማያውቀውን ምን ብሎ ይጽፋል? ሁሉ የሚፈልገው ሞልቷል፣ ማንም ጋ የሌለው ፈላጊ የለውም... ራሴን አመመኝ።

መጋቢት 2

ካሜራዬን ይዤ ጎረቤቴ ሩቂያ ጋ ገባሁ። የቤቷን ውስጥ ላነሳ። «የኔን ግድግዳ ማን ሊያየው ነው አቦ!» አለች፣ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶቿን አንድ በአንድ ወለወለች።

ከበሩ በላይ ባዶ ሆኖ ታየኝ። በሐረሪ ደንብ ያላገባች ልጅ ያለበት ቤት እዚያ ላይ ምንጣፍ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ልጇን ናፊያን ኅዳር ላይ ስለዳሯት አውርደውታል።

«ለአንድ አፍታ እንስቀለው።»

«ሰው ቢያይስ?»

«ማን ያያል ሩቂያዬ! ለፎቶ እኮ ነው።»

ሰቀልን። አነሳሁ። እንዴት አማረ! ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ወሬ... ማውረዱን ማናችንም አላስታወስን።

መጋቢት 5

አለፈ!! የላክነው የምንጣፉ ፎቶ አለፈ፣ ድረ ገጹ ተቀበለው! «ከዚህ ቤት ተጨማሪ ላኩልን» ብለው ጽፈዋል። አባይነህ እንኳ «እስቲ እንያ እንግዲህ» አለ። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

መጋቢት 6

ምን አደረግኩ። ጌታዬ ምን አደረግኩ።

ያን ቀን እኔ እንደወጣሁ የናፊያ ባል አክስት፣ ዋፊቃ፣ ሩቂያ ጋ ጎራ ብላለች። ምንጣፉን አየችዋ! «ልጃችሁን ልትመልሱ ነው?» ወላሂ ለፎቶ ነው ብትላት ማን ይመን። ባልየው ዘከሪያ ሰማ። ናፊያን «ምንጣፉ ተሰቅሎልሻል፣ ሂጂና ሥሩ ተቀመጪ» አላት። አራት ወሯ እኮ ነው ካገባች! ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ናት።

ሮጬ ሄድኩ። ሩቂያ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። አላስገባችኝም።

«ያን ፎቶ አጥፊው ሰገነት። ሊያስታርቁ የገቡት ሽማግሌዎች መጀመሪያ እሱ ይጥፋ ብለዋል። ዓለም እያየው ባልየውን ምን ብለን እንለምነዋለን?»

እሺ አልኳት።

መጋቢት 7

አላጠፋሁም።

መጋቢት 11

አሁንም። ያለፈልኝ እሱ ብቻ ነው... እሱ ከጠፋ ፎቶ ቤቱም ጠፋ። ያለ ምንጣፍ ላንሳና ልተካው? ማን ቤት ያስገባኛል ደግሞ! ጅቡን እንደገና ላክሁ። እንደገና ተመለሰ።

ባርኮት ዓይኔን አታየኝም። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?

መጋቢት 14

ናፊያን መንገድ ላይ አገኘኋት። ከስታለች። «ደህና ነዎት እትዬ?» አለችኝ። ሰላም አለችኝ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ባርኮትን፣ «አጥፊው» አልኳት።

«እማ፣ ሌላ ያለፈ የለንም እኮ።»

«አጥፊው አልኩሽ!»

አንዴ ጫን አደረገችው። አለቀ። እንዲህ ቀላል ነበር? ለዚህ ነው ልጅቷን ስምንት ቀን ያስለቀስኳት?

ሚያዝያ 25፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። አባይነህ የመስታወት መደርደሪያ አስገባ። የእንደሻው መብራቶች አልጋዬ ሥር ናቸው። ከእንግዲህ የስልክ ልባስ ሻጭ ነኝ።

ናፊያ ባሏ ቤት ተመልሳለች። እሱስ ተመስገን።

ዛሬ ደፍሬ ሩቂያ ጋ ሄድኩ። ከፈተችልኝ። የነሱ ቤት መደቡ ደረጃ ደረጃ አለው፣ ሁሉም እንደ ቅርበቱና እንደ ክብሩ ነው የሚቀመጠው። ሃያ ዓመት ሙሉ ላይኛው መደብ ላይ፣ ከእሷ ጎን ነበር ቦታዬ። ዛሬ በሩ አጠገብ ያለችውን ዝቅተኛዋን በእጇ አሳየችኝ። መንገደኛ የሚቀመጥባትን።

ተቀመጥኩ። ሻይ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ስለ ዝናቡ አወራን... ሌላ ምንም። ስወጣ «መቼ ትመጪያለሽ?» አላለችኝም።

ነገም እሄዳለሁ። እዚያችው ላይ እቀመጣለሁ።