ኢንሳፍን የገደላት ነፋስ

ሠናይት፣

ስለ ልጅነታችን ሰርከስ የጻፍሽውን ልቦለድ አውሮፕላን ውስጥ ጨርሼ፣ ናይሮቢ እንደገባሁ በቀጥታ ሳውዝ ሲ ሰፈር ኢንሳፍ ቤት ይዤው ሄድኩ። አዎ፣ ኢንሳፍ ቤት። መጽሐፍሽ ውስጥ ከሰው ፒራሚድ ጫፍ ላይ ነፋስ ጥሎ የገደላት ልጅ ሃምሳ ሊሞላት ነው፤ በምርኩዝ ትሄዳለች። ስሟን እንኳ አልቀየርሽውም።

በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን የሞተችበትን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እዚህ የተወለደችው ልጇ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ስትሰማ ግን አለቀሰች።

«ማሚ፣ ዊንድ ነው እንዴ የጣለሽ?» አለቻት።

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» አለች ኢንሳፍ፣ ነፋሱ የሚያራግበውን የተሰጣ ልብስ እያየች።

እኔ ግን አረርኩ። የእኛ የቀበሌ አዳራሽ እኮ መስኮቱ እንኳ አይከፈትም ነበር፤ ነፋሱ ከየት መጣ? ኢንሳፍ ትከሻሽ ላይ ስትቆም እግሯን የያዝሽላት አንቺ ነበርሽ። እናትሽን ሕዝቡ መሀል ስታዪ ለቀቅሻትና እጅሽን አውለበለብሽ። እኔ ከበሮዬን ይዤ ፊት ለፊታችሁ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። ኢንሳፍ ለማንም አልተናገረችም ብዬ እኔም ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርኩ።

ፖስትካርዷ ሞላች። እናትሽን ሳሚልኝ፤ እሳቸው ምን አጠፉ? መጽሐፉን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ኢንሳፍ «ሠናይት ትፈርምልኝ» ብላለች። ሽፋኑ ላይ አይደለም፤ የሞተችበት ገጽ ላይ።

ፋኑኤል