ያለ ክላክስ ሰባት ቀን

ጥር 15፣ ዓርብ

ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ። አዲስ ነገር የለም... አለ ለካ። መኪናዋ ዛሬ ለብቻዋ ጮኸች። የፋብሪካው በር ላይ ቆሜ፣ እጄ ክላክሱ አጠገብ እንኳ ሳይደርስ። ዘበኛው ደንግጦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ባልደረባዬ አበራ ከኋላዬ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ «ምነው ሙሉነሽ፣ በጧቱ ጀመርሽ?» አለኝ። እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል? ክላክስ በማብዛት ስሜ የታወቀ ነው። ታዲያ ባጃጁ ሁሉ እንደ ግልገል ፊቴ ላይ ሲዘል ዝም ልበለው?

እማ ለገና ከእንፍራንዝ እንደ መጣች እኔው ዘንድ ናት። ስነግራት አማተበች። «በራሱ የሚጮኽ ነገር ደግ አይደለም።» ሽቦ ነው እማ፣ ሽቦ!

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ፍሬቻ ወደ ግራ ሳበራ የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ። በጥር! ደመና በሌለበት! ከዚያ ጣና ዳር ስደርስ በሮቹ ራሳቸውን ቆለፉብኝ። በመስኮት ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ሁለት ጎረምሶች ቆመው ይስቃሉ። «ማዘር፣ ቁልፉን አዙሪዋ!» አዙሬው ነው እኮ... ደግሞ እኔ ማዘርህ ነኝ? የት አውቄህ!

ጥር 20

ሁለት ጋራዥ ዞርሁ። አንዱ ባትሪ ቀይሪ አለ፤ መኪናዋን ሳያይ። ሌላው ደግሞ «ባለቤትሽ ይምጣና ለሱ እናስረዳው» አለኝ። ባለቤቴ! ከሄደ አምስት ዓመቱ። ለሱ ማስረዳት የሚፈልግ ፈልጎ ያግኘው። የመኪናዋን በር ስዘጋው ከልክ በላይ አጋጨሁት መሰለኝ፣ እጄ አሁንም ይጠዘጥዘኛል።

ሸረፈዲን ጋ ነበር መሄድ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል። ባሌ የሄደ ሰሞን ዘይት እንዴት እንደሚታይ፣ ጎማ እንዴት እንደሚፈታ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳይስቅብኝ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ከመሪው ሥር፣ በግራ እግሬ በኩል፣ መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን። ቦዲ ኮምፒውተር ይሏታል። መብራቱንም፣ በሩንም፣ ክላክሱንም፣ መጥረጊያውንም የምታዝ እሷ ናት ለካ። ሸረፈዲን ሲፈታት ውስጧ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

«ውሃ ገብቷታል። ከውስጥ ታጥቢያታለሽ?»

«አላጥብም!»

«ላቫጆ ስትወስጃትስ?»

«ከውስጥ አላሳጥብም አልሁህ እኮ!»

«እሺ እታለም፣ አትቆጪ። ውሃ ነው አልሁ እንጂ አንቺ ነሽ አላልሁም።»

ሌላ ሳጥን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት። እስከዚያ በባጃጅ። እኔ... በባጃጅ!

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ተገጠመች። ያገለገለች ስለሆነች ላፕቶፑን ሰክቶ ከቁልፌ ጋር ሲያላምዳት ግማሽ ቀን ሄደ። «ይቺ የምታውቀው የድሮ ጌታዋን ነው። ካንቺ ጋር ላስተዋውቃት» ይለኛል። ሁሉም ሠራ። የተበላሸችውን «እዚህ ተያት፣ ከውስጧ የሚሆነኝ ነገር አይጠፋም» አለ። ተውሁለት።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

እንደገና! መብራቱ አልጠፋ ብሎ አድሮ ባትሪውን ጨርሶታል። ገና በአሥራ ሁለት ቀኗ! በእግሬ፣ በላብ፣ አርፍጄ ሥራ ገባሁ።

አበራ ምሳ ላይ ምን አለኝ? «የፊተኛዋን ሳጥን ለምን አስቀራት? ደህና ብትሆን ነው። እሷን ሸጦ የሞተች አስታቅፎሽ ይሆናል።» ተው እንጂ አልሁት። ግን... እውነት ለምን አስቀራት?

የካቲት 13

ሸረፈዲን ቤት ድረስ መጥቶ መኪናዋን አስነሥቶ ወሰዳት። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። በሩን የከፈተችለት እማ ናት። ምን አለሽ ብላት «ምንም» አለችኝ። ዓይን ዓይኔን ግን አላየችም። እሷ ደግሞ ምን ሆነች?

የካቲት 17፣ ማክሰኞ



ጋራዡ ሄድሁ። «ተበላሽታለች። ከኪሴ ቀይሬልሻለሁ። ቦታዋን ግን ወደ ላይ አነሣታለሁ፣ በፕላስቲክም እጠቀልላታለሁ» አለኝ።

«ለምን ተበላሸች?»

መፍቻ ሊፈልግ ጎንበስ አለ።

«ለምን ተበላሸች ነው የምልህ!»

መሬት መሬት ያያል። ንጹሕ ሰው መሬት ያያል? አበራ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ አናቴ ላይ ወጣ። ሌባ አልሁት። ደንበኛውም ሠራተኛውም በተሰበሰበበት። ደህናዋን ሸጠህ፣ ባል የላት፣ ምን ታውቃለች ብለህ... ድምፄ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እሱ በደረቀ ከንፈሩ «ጾመኛ ነኝ ሙሉነሽ» አለኝ። ደግሞ ቆይቶ «ጾመኛ ነኝ።» በቃ። እኔስ? ሁዳዴ ገብቶ የለም እንዴ? ጾም ማለት የሱ ረመዳን ብቻ ነው?

ቤት ስገባ የመሥሪያ ቤታችን ቴሌግራም ላይ ስሙን ጠርቼ ጻፍሁት። እዚያ ጋራዥ እንዳትሄዱ ብዬ። ሃያ ሦስት ሰው አውራ ጣት ላከልኝ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

መኪናዋን በሰው ላከልኝ። ራሱ አልመጣም። ሁሉም ይሠራል። አበራና ሌሎች ሁለት ባልደረቦቼ መኪናቸውን ከሱ ጋራዥ አውጥተዋል አሉ። ይበለው።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ይበለው ብዬ ጽፌያለሁ። እጄን ይቁረጠው።

ዛሬ ጧት ልታጠብ ስገባ ውሃ የለም። ጀሪካን ላመጣ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የመኪናዋ በር ተከፍቷል። እማ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘችውን በእፍኟ እየቀዳች መሪው ሥር ትረጫለች። «ለልጅህ ለወለተ ሩፋኤል ልቧን አብርድላት...» የክርስትና ስሜን እየጠራች።

ጸበል ነው። ከገና ጀምሮ። በየጧቱ፣ እኔ ስታጠብ።

ጮኽሁባት። ምን ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፈውም። ጠርሙሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ለመኪናዋ አይደለም ልጄ። አንቺ ለምትቀመጭበት ነው። መሪ ስትይዥ እኔ የማላውቃት ሰው ነሽ። አንድ ቀን ሰው ትገጫለሽ፣ ወይ ትገጫጫለሽ ብዬ ፈራሁ። በራሱ መጮኽ ሲጀምርማ የባሰ ፈራሁና... አበዛሁት።»

«ሸረፈዲን ያውቃል?»

አቀረቀረች። መኪናዋን ሊወስድ የመጣ ቀን ምንጣፉን ዳስሶ እርጥብ ሆኖ አገኘው። «እማማ፣ እዚህ ውሃ የሚያፈስ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። አደራ እንዳትነግርብኝ፣ ትቆጣኛለች አለችው። እሺ አላት።

«አቁሚ አላለሽም?»

«ኧረ አላለኝም። እናት ከመጸለይ አትከለከልም አለኝ። ሳጥኗን ወደ ላይ አነሣታለሁ፣ እርስዎ ምንጣፉ ላይ ብቻ ይርጩ፣ ምንም አትሆንም አለኝ።»

ፕላስቲኩ ለዚህ ነበር። ሌባ ስለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያቺን የእናቴን አደራ ይዞ ነው መሬት መሬት ያየው።

እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው። እኔን ፈርታ ተደብቃ ትጸልያለች። በማን ልናደድ አሁን? በራሴ ተናድጄ አልዘልቀውም።

የካቲት 25

ቴሌግራሙ ላይ ጻፍሁ፤ «ሸረፈዲንን ሌባ ያልሁት በሐሰት ነው። ውሃው የፈሰሰው ከኔው ቤት ነው።» አበራ የሚስቅ ፊት ላከ። በሌላ ቀን ቢሆን ጠረጴዛው ድረስ እሄድለት ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በቴሌግራምም አይታሽም። ጋራዡ ሄድሁ።

ሰው እስኪሞላ ጠበቅሁ። ስሰድበው ሰው ነበራ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልሁት፤ ይቅር በለኝ፣ ሌባ አይደለህም፣ ባለጌዋ እኔ ነኝ።  ለስድቡ ጊዜ እንዲህ አልከበደኝም ነበር።

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «አልተቀየምሁም ብልሽ እዋሻለሁ። ጾመኛ ነኝ፣ አልዋሽም። ልጆቼ ሰምተዋል ሙሉነሽ።»

«ካሳ እክሳለሁ። በምን ልካስህ?»

የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ አንዲት ሽቦ ነቀለ።

«ሰባት ቀን ያለ ክላክስ ንጂ። ካሳዬ ይኸ ነው።»

«በባሕር ዳር? በዚህ ሁሉ ባጃጅ መሐል?»

«እኔ ስምንት ቀን ዝም ብያለሁ። አንቺ ሰባቱ ያቅትሻል?»

የካቲት 26

አንደኛ ቀን። ከፋሲሎ ሰፈር እስከ ፋብሪካው አሥራ አራት ጊዜ ክላክሱን መታሁት። ቆጥሬያለሁ። ባዶውን... ቀጭ! አንዱ ባለባጃጅ መንገዱን ዘግቶ ከሌላው ጋር ያወራል። መሪውን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

የካቲት 29

ስድስት ጊዜ። ስድብ በክላክስ ውስጥ አይቆጠርም ብዬ ነበር። ይቆጠራል መሰለኝ፤ እማ አጠገቤ ሆና ዳሽቦርዱን ስትይዝ አየኋት። መኪናዋን አይደለም የፈራችው።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ሰባተኛ ቀን። ሐይቁ ዳር አንድ ባጃጅ ከጎን ገብቶ ፊቴ ላይ ቆመ። እጄ ክላክሱ ላይ ደረሰና ተመለሰ። መስኮቱን ሳወርድ ሰውየው ስድቡን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «እለፍ» አልሁት። ግራ ተጋብቶ ቆመ። «እለፍ እንጂ ወንድሜ፣ አረፈድሁ!» አለፈ። ትንሽ ጮኼ ይሆናል።

ከሥራ ስወጣ ሸረፈዲን ደወለ። «ቀኑ ሞላ። ነገ አምጫት፣ ሽቦዋን ልመልስልሽ።»

«እሑድ ባመጣትስ? ጥቂት ቀን ደግሞ ያለ ክላክስ ልንዳ።»

 «እሑድ እንግዲያ ለማፍጠሪያው ድረሱ። እማማንም ይዘሻቸው ነይ። ለናንተ የጾም ይሠራል» አለኝ። እሺ አልሁት።

ዛሬ ጧት መኪናዋ ውስጥ እግሬን ሳስገባ ምንጣፉ እርጥብ ነበር። አማትቤ ሞተሩን አስነሣሁ።