ከመስታወቱ ወዲያ ለቆምነው አንድ አምፖል

ይድረስ በከተማችን በጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ለተጨመረው አዲስ የመንገደኞች አዳራሽ የውስጥ መብራቱን ለነደፈው ቢሮ ኃላፊ፣ ለክቡር ኢንጂነር ሚናስ
አዲስ አበባ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4
ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ ደህና ነውን? ኑሮው በብርሃን ለሆነ ሰው ከዓይን የሚበልጥ ነገር ስለሌለ፣ ፈጣሪ የእርስዎን ዓይን ከሞራ፣ ከአቧራና እንደኔ ካለች ነገረኛ ሴት ደብዳቤ እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ስለሚሆንብኝ ይህን መስመር እዘለዋለሁ።

ስሜ ኑሪያ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ እዚህ መጥቼ ሆዳን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ ከቆየሁ በኋላ አሁን ካርቲየ 4 ሰፈር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ የሆነው ሾፌሩ ጀንበሬ ከአዲስ አበባ ባመጣልኝ መጽሔት ላይ ቃለ ምልልስዎን አነበብኩት። እዚያ ላይ መብራት ለእንግዳ የሚደረግ የመጀመሪያው አቀባበል እንደሆነና አዳራሹ ውስጥ አንድም ጨለማ ጥግ እንዳልተዉ ተናግረዋል። እኔም በዚያ መብራት እንግዳ ልቀበል ከሄዱት አንዷ ስለሆንኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ብርሃኑ ጥራት አመሰግናለሁ። የሟች ወንድሜን ልጅ ሀዊን በየብስ ብትመጣ ደላላ መንገድ ላይ ይወስድብኛል ብዬ በአውሮፕላን አስመጣኋት። ባለፈው ግንቦት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ እኔ ውጭ በረንዳው ላይ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሜ ነበር። በመብራትዎ ቸርነት የላክሁላትን አረንጓዴ ሻሽ፣ የአባቷን ግንባር፣ በእንቅልፍ እጦት ያበጡ ዓይኖቿን ሳይቀር አየሁ። በሕይወቴ ሰው እንዲህ አጥርቼ አይቼ አላውቅም።

2ኛ. ለመስታወቱም አመሰግናለሁ። እዚህ የምንኖር ሴቶች ለአዲስ መጪ የምንሰጠው አንድ ምክር አለ። ቋንቋ አታውቅም፣ የአገር ቤት ስልኳም እዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ መስታወቱ ጋ ቆማ የምታውቀውን ፊት ሳታይ ከማንም ጋር እንዳትወጣ እንነግራታለን። በአሮጌው አዳራሽ አምፖሎቹ ደብዛዛ ነበሩ፤ ውስጡም ውጩም እኩል ደብዛዛ ስለነበረ ግን እንተያይ ነበር። እርስዎ ውስጡን እንደ ቀትር አብርተው በረንዳውን ለጨለማ ስለተዉት፣ መስታወቱ ከውስጥ ላለ ሰው መልኩን ብቻ የሚያሳየው ሆነ። ማታ መኪና ውስጥ መብራት አብርቶ ወደ ውጭ ለማየት የሞከረ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ምናልባት እርስዎ ማታ ማታ በመኪና አይሄዱ ይሆናል።

ሀዊ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ቀጥ ብላም ዓይን ዓይኔን አየች። አየችኝ ብዬ ዘለልኩ፤ እንድታውቀኝ ብዬ ያሰርኩትን ቢጫ ሻሽ ፈትቼ አውለበለብኩላት፤ በደስታ አለቀስኩ። እሷ ግን ሻሿን አስተካከለች፤ ጸጉሯን ወደ ውስጥ ከተተች። የምታየው የገዛ መልኳን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

3ኛ. በአውሮፕላኑ አብሯት የመጣ አንድ ሰው ከጎኗ ነበር። ወደ መስታወቱ በእጁ እያሳየ የሆነ ነገር ነገራት። ምን እንዳላት ለመገመት አልተቸገርኩም፤ ማንም አልመጣልሽም ነው ያላት። ልጄ ምክሬን አልረሳችም፤ እንደገና ዞራ ፈለገችኝ። ኧረ ተይ፣ አትሂጂ እያልኩ መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት፤ ድምፅ እንዳያሳልፍ አድርጎ የሠራውንም ባለሙያ በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ሰውየው ሻንጣዋን ይዞ በመኪና ማቆሚያው በር አወጣት። ሕንፃውን በሩጫ ዞሬ ስደርስ ማንም አልነበረም።

4ኛ. ካሜራው የቀረጸው ምስልም በእርስዎ ጥበብ እጅግ ያማረ ነው። ለፖሊስ ባመለከትኩ ጊዜ አሳይተውኛል። አንዲት ልጅ ማንም ሳያስገድዳት በገዛ እግሯ ስትሄድ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ በምስሉ ውስጥ የለሁም።

5ኛ. ከበረንዳው ጣሪያ ላይ አንድ አምፖል፣ አንዲት ብቻ፣ ወደ እኛ ፊት እንድትበራ ለቢሮዎ ጽፌ ነበር። በታላቅ ትሕትና የተሰጠኝ መልስ፣ ሥራው የውስጥ መብራት ስለሆነ ውጭ የቆሙ ሰዎች በፕሮጀክቱ እንደማይካተቱ ይገልጻል። እውነት ነው፤ እኛ ውጭ ነን። ከዚያ ወዲህ የማታው አውሮፕላን በገባ ቁጥር የጀንበሬን የእጅ ባትሪ ወደ ገዛ ፊቴ እያበራሁ እቆማለሁ። ከውስጥ ሲያዩት ያስፈራል ይላሉ፤ ቢሆንም ሁለት ልጆች እሱን አይተው ወደ እኛ በር መጥተዋል። ለዲዛይኑ ውበት ስላጎደልኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን እንደ ጨዋ ጽፌያለሁ፤ ይህችን ግን እንደመጣችልኝ ልበላት። ሐምሌ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሀዊ ነበረች። በእኛ ቤት የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። "አዳዳ፣ ለምን ሳትመጪልኝ ቀረሽ?" አለችኝ። መልስ ከአፌ ሳይወጣ መስመሩ ተቋረጠ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ አይነሳም። የት ቤት እንደምትሠራ፣ ከቤት መውጣት ይፈቅዱላት እንደሆን፣ በልታ ታድር እንደሆን አላውቅም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ትቼያት የቀረሁ መስሏት መኖሯ ነው። ይህን ሳስብ ያቃጥለኛል።

በሚያንጸባርቀው ሥራዎ ስር የምትንቀሳቀስ ጥላ፣ ሽልማት በሽልማት ላይ እንዲደራረብልዎ፣ መንገድዎም ሁሉ ከውስጥ እንደበራ እንዲዘልቅ የምትመኝ፣

ከአክብሮት ጋር
ኑሪያ፣ ከመስታወቱ ወዲያ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎ እንዲያፍሩ አይደለም፤ ከቃለ ምልልስዎ እንደተረዳሁት ለዚያ ጊዜ የለዎትም። ጋዜጣው በሾፌሮቹ እጅ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ከተነበበ በኋላም ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ምናልባት አንድ ቀን የሆነ ቤት ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ሽንኩርቱን ስትፈታ ታነበው ይሆናል። ሀዊ፣ አዳዳ መጥታ ነበር።