ከሐኪሟ የደበቅሽው ስሜ

ውድ እማዬ፣

በሰላም ቤትሽ መግባትሽን ወንድሜ ነግሮኛል። መንገዱ ወገብሽን እንዳላመመሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ስልኩን ትቼ የምጽፍልሽ፣ ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ልጅቷ ደህና ናት?» እያልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው። ወረቀት ላይ ወሬ መቀየር አትችዪም።

ተቀይሜሻለሁ፣ እማዬ። እንዲህ ተቀይሜሽ አላውቅም።

ልጅ ሆኜ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጌ ከትምህርት ቤት የመጣሁ ዕለት፣ በር ላይ ቆመሽ ጎረቤት እየሰማ «አንቺ ቀልበ ቢስ! ልብሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ እሱ ሆነ። የቤት ቁልፍ ስጥል፣ ድስቱ እስኪያር ስረሳ፣ የፈተናውን ወረቀት ጀርባ ሳልገልጥ ስወጣ፣ ያው ቀልበ ቢስ ነበርኩ። ስዳር እንኳ አማቴን ጠጋ ብለሽ «ደግ ልጅ ናት፤ ድስት ግን እንዳታስጠብቋት» አልሻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

አሁን ግን ሳቁ አልቆብኛል። የስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጭ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ጨርቁን ፊት ለፊት አነባብሬ መቁረጥ ሲገባኝ፣ ሁሉንም በአንድ ወገን ዘርግቼ ቆረጥኩትና የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እጅጌ በሙሉ የግራ ሆኖ አረፈው። አለቃዬ አንዱን አንጠልጥሎ «ተማሪዎቹ ቀኝ እጅ የላቸውም እንዴ?» አለኝ። መቀሱን ተቀብሎኝ የሸሚዝ ቁልፍ ወደሚተከልበት አዛወረኝ። ይሄንንም ቻልኩት። በኋላ ግን ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ ረሳኋት። ደርሼ ሳገኛት የዘበኛውን ኮት ደርባ ቁጭ ብላለች። «እማ፣ እኔንም ረሳሽኝ?» አለችኝ። ያንን መቻል አቃተኝ። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለዚህ ነው።

ሐኪሟ የትኩረት ጉድለት የሚባል ነገር እንዳለ፣ ስንፍናም ንቀትም እንዳልሆነ፣ መድኃኒትና ድጋፍ እንዳለው ስትነግረኝ እንባዬ መጣ። «ግን ከልጅነትሽ የጀመረ መሆኑን ያሳደገሽ ሰው ይንገረኝ» አለች። ደስ አለኝ። አገር ምድሩን ያሰማሽው ነገር ነው፤ ከአንቺ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

አዲሱን ቀሚስሽን ለብሰሽ መጣሽ። «እናቴ፣ በልጅነቷ ዕቃ ትጥል ነበር? ነገር ትረሳ ነበር?» ብላ ስትጠይቅሽ ቀና አልሽና «ኧረ በጭራሽ! የኔ ልጅ መርፌ እንኳ ጥላ አታውቅም። ልባም ልጅ ነበረች» አልሻት።

ልባም! ይህን ቃል ከአፍሽ ለመስማት ዕድሜ ልኬን ጓጉቻለሁ። የሰማሁት ግን ሐኪም ፊት ነው፤ ጉድ ሊሠራኝ። በጉልበቴ ነካ ባደርግሽ እግርሽን ሰበሰብሽ። ሐኪሟም «እንግዲያው ድካም ይሆናል፤ በደንብ ተኚ» ብላ አሰናበተችኝ።

ደረጃው ላይ እጄን ይዘሽ «ለማላውቃት ሴት ገበናችንን ልዘርግፍላት? ነገ ልጅሽን የእብድ ልጅ ቢሏትስ?» አልሽኝ። ለጎረቤት፣ ለአማት ሲነገር ጨዋታ ነበር። መድኃኒት ሊያስገኝልኝ ሲል ገበና ሆነ? ልትሸፍኚኝ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄ ንዴቴን አላበረደልኝም።

ትናንት ልጄ ቦርሳዋን የሆነ ቦታ ጥላ መጣች። በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ልክ እንዳንቺ። ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት እንጂ ልላት ነበር። ነገም የምውጠው አይመስለኝም።

ሐኪሟን ለምኛታለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ትደውልልሻለች። እባክሽ አታሞግሺኝ። ጫማውን፣ ያረረውን ድስት፣ ለአማቴ ያልሻቸውን፣ ምንም ሳታስቀሪ ንገሪያት። እንደ ድሮሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ጎረቤት እየሰማ ንገሪያት። ስንት ዓመት በነጻ ሰድበሽኛል፣ እማዬ፤ አሁን አንድ ጊዜ ለእኔ ብለሽ ስደቢኝ።

ቀልበ ቢሷ ልጅሽ