የሠላሳ ሰባት ቁጥሯ ክንድ

እቴቴ የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሥራው እንዴት ነው? ያ እምቢ ያለሽ ራስ ምታትስ ለቀቀሽ? እኔማ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንቺን መዋሸት ግን አልችልበትም። ስለዚህ የሚያሳፍረውን አስቀድሜ ልናዘዝልሽ፦ የፊት ጥርሴ የለም። ላይኛው፣ በስተግራ ያለው። «ሰ» ባልኩ ቁጥር አፌ ያፏጫል። ትናንት መምህሩ አስነስቶኝ «ሴፍትሪያክሶን» የሚባለውን መድኃኒት ስም ብጠራ፣ ኋላ የተቀመጡት የኳስ ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታ ያስጀመረ ይመስል እግራቸውን አንሥተው ሳቁ። እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ጥርስሽ የት ሄደ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በመጀመሪያ በሩን ዝጊና ቁጭ በይ።

በስልክ እንደነገርኩሽ የአራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪዎች በየሰፈሩ እየወጣን በነፃ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ እንድናደርግ ታዘን ነበር። የእኛን ቡድን የማስተባብረው እኔ ነኝ። አዳራሽ የፈቀደልን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ደረደረ፣ ባነሩን ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ሰቀለ፣ አሮጊቶቹን ክንዳቸውን እየደገፈ አስገባ። በየመሀሉ ብቅ እያለ «ልጆቼ፣ ውሃ ጠጣችሁ?» ይለናል። ራዲዮ የምንላት የክፍል ጓደኛዬ፣ የማትሰማው ወሬ ስለሌለ ነው እንዲህ የምንላት፣ በጆሮዬ «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?» አለችኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እኔም ተመኘሁ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ሰልፉ እንዲፈጥን ብዬ አንድ ዘዴ አወጣሁ። እኔ እለካለሁ፤ ራዲዮ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሆና ቅጹን ትሞላለች። የሰውየውን ተራ ቁጥርና ያየሁትን ጮክ ብዬ እጠራላታለሁ። «ሃያ ሁለት! መቶ ሃምሳ በዘጠና አምስት!» ሕዝቡ ወደደው። ቁጥሩ ከፍ ሲል «ውይ!» ይላል፣ ደህና ሲሆን ያጨበጭባል። የሰውን ገመና እንደ ሎተሪ ዕጣ እየጠራሁ መሆኔ ቅንጣት ታህል አልታየኝም። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሠላሳ ሰባት ቁጥር የሊቀመንበሩ ሚስት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ እንኳ ሳታወርድ ነው የመጣችው። አምጥቶ ያስቀመጣት እሱ ነው። «የኔዋም ትለካ፣ ለሌላው አርአያ ትሁን» ብሎ ሰውን አሳቀና ወደ በሩ ሲመለስ «በቀኝ እጇ ለኳት» አለ። ለካኋት። ደህና ነበረች። እኛ ግን በመጀመሪያ ምርመራ ሁለቱንም ክንድ ለኩ ተብለን ነው የተማርነው። ግራሽን ስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በቀኙ ይበቃል፣ የኔ እህት» አለችኝ። እኔ «ሕጉ ሁለቱንም ነው» ብዬ እጅጌዋን በገዛ እጄ ገለጥኩት።

አራት ጣት፣ ጥቁር። ከሥሩ የቆየ፣ ወደ ቢጫ የዞረ ሌላ አራት። ከክርኗ ከፍ ብሎ ደግሞ የካውያ ጫፍ፣ እንደ ማኅተም ጥርት ብሎ ቆዳዋ ላይ ታትሟል። አእምሮዬ ገና ሳይደርስበት አፌ በለመደው ሄደ። «ሠላሳ ሰባት! ግራው አይለካም! በልዟል፣ በካውያ ተቃጥሏል!»

በአዳራሹ የራዲዮ እስክሪብቶ ብቻ ሲጽፍ ይሰማል።

እቴቴ፣ ከበሩ እየሳቀ ነው የመጣው። ያ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ፀጉሯን ጨመደደና ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ድምፁን ልጽፍልሽ አልችልም። የስኳር መመርመሪያው፣ ጥጡ፣ መርፌው፣ ሁሉም ተበተነ። «በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» እያለ ደገማት፤ ከወንበሩ ስትወድቅ ሆዷን በእርግጫ አላት። ክንዷን የገለጥኩት እኔ፣ የጮህኩት እኔ፣ የምትመታው እሷ። መሀል ገባሁ። ክርኑ አፌ ላይ አረፈ፤ ጥርሴን ከደም ጋር መዳፌ ላይ ተፋሁት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስነግርሽ እንዳትደነግጪ። የብረቱን የግፊት መለኪያ አንሥቼ ጆሮው ሥር አሳረፍኩበት። እኔ፣ መርፌ ሲወጉኝ ዓይኔን የምጨፍነው! ተንገዳገደ። ደገምኩት፤ ወደቀ። ሦስተኛውን የመታሁት ከወደቀ በኋላ ነው። ይህን ለፖሊስም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ምት ላይ ከፊቴ የነበረው የእሱ ፊት አልነበረም። የማን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም።

ወንዶቹ ይኼኔ ደረሱ። ደርሰው ማንን ያዙ መሰለሽ? እኔን! «ተዪ እንጂ፣ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው!» እያሉ ሁለት እጄን ጠመዘዙኝ። እሱ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ደግሞ መንጋጋዋን ረገጣት። ያቺን ሠላሳ ስምንት ቁጥር አሮጊት እግዜር ይስጣት፣ ምርኩዟን ወደ ወንዶቹ እየወዘወዘች «የያዛችሁትን ልቀቁና የሚመታውን ያዙ! ዓይናችሁም ይለካ እንዴ?» አለቻቸው። ያን ጊዜ አፈሩና ያዙት።

ሴትዮዋ ሆስፒታል ናት፤ መንጋጋዋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። እሱ በሁለተኛው ቀን በዋስ ወጣ። ለፖሊስ የሰጠው ቃል «በሕይወቴ እጄን አንሥቼባት አላውቅም፤ በሰው ፊት ስዋረድ ለአንድ አፍታ ራሴን ሳትኩ» የሚል ነው። ሰፈሩም ያምነዋል፤ ወንበር ተሸክሞላቸው የለ! ውሸቱን የሚያጋልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የራዲዮ ቅጽ። አዳራሽ ውስጥ እጁን ከማንሣቱ በፊት የተጻፈ፣ ሰዓቱና ፊርማው ያለበት። ይህን ያወቁ ሦስት የሰፈሩ ትላልቅ ሰዎች መኖሪያችን ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ወረቀት ይጠፋል፤ ትዳር ግን አይጥፋ» አሉኝ። አፌን በእጄ ሸፍኜ በሩን አሳየኋቸው፤ ካፏጨሁ ይስቁብኛል ብዬ።

መምህራችን ግን በሌላ በኩል መጣ። የታማሚ ምሥጢር ነው፣ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ለማንም አታሳዪ አለኝ። ባለቤቷ ሲል የወረቀቱን ባለቤት፣ ሴትዮዋን ማለቱ ነው እንጂ ባሏን አይደለም። እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ሳልጠይቃት ጮኼባታለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቅጹን አሳየኋትና «ያንቺ ነው፤ ልቅደደው ወይስ ለዳኛ ልስጠው?» አልኳት። እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዛ አወጣችና ጀርባው ላይ ጻፈች። ጣቷ መርፌ ስለለመደ ፊደሏ እንደ ስፌት የተቀራረበ ነው። «ጮክ ብለሽ አንብቢው» ይላል።

እቴቴ፣ ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእሷ ብቻ አይደለም። ባለፈው እኔ ጋ ስትመጪ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌሽን ሳትሰበስቢ ዕቃ ስታጥቢ አይቼሻለሁ። እስከ ክርንሽ ረጥቦ ነበር። «በርዶኝ ነው» አልሽኝ፤ እኔም በርዷት ነው ብዬ ዝም አልኩ። የደም ግፊት መለኪያ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልለካሽ ስልሽ «ሌላ ጊዜ» አልሽኝ። ያንቺን እጅጌ በግድ አልገልጥም፤ ተምሬያለሁ። ግን እጠይቅሻለሁ። ይኸው ጠየቅሁሽ።

ደብዳቤውን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መሥሪያ ቤትሽ የላክሁት ለዚሁ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ እዚያው መሳቢያሽ ውስጥ ተዪው። መኝታ ክፍሌን የምትጋራው ልጅ ተመርቃ ስለወጣች ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነው። አንሶላውን አጥቤ አንጥፌዋለሁ። ለምን እንደመጣሽ ማንም አይጠይቅሽም፤ ራዲዮን እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን አስይዣታለሁ።

ችሎቱ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አፌ ቢያፏጭም አነባለሁ። ዳኛው ምን እንዳለ፣ እሱ ፊቱ ምን እንደመሰለ፣ ስለ ሦስተኛው ምት ደፍሬ ተናግሬ እንደሆነም በዚያው ቀን ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ከዚያ በፊት ከመጣሽ ግን የምጽፈው አይኖርም፤ አጠገቤ ሆነሽ ትሰሚዋለሽ።

ፈጣሪ ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፣ መውጫሽንና መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። ሁልጊዜ «ለባልሽና ለቤት ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ» ብዬ ነበር የምጨርሰው። የዛሬው ሰላምታ ለአንቺ ብቻ ነው።

የምትወድሽ፣
ታናሽ እህትሽ