ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር

ቡሬ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ አቻምየለሽ፣ የቤቴ በኩር፤

የዱባይ ሙቀት ጋብ አለልሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። በቆሎውም ተሰብስቦ ገብቷል፤ እናትሽም የወገቧን ሕመም ትታ የእኔን ሐሜት ይዛለች። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና "ሄሎ" ስል ትነጥቀኛለች፤ ስለዚህ ለዕረፍት የመጣው የሠፈራችን ልጅ ዳኘው ወደዚያው ሲመለስ ይኸን በእጁ ሰደድሁልሽ።

ያ መጀመሪያ በኢንተርኔት ከባሕር ማዶ ያዘዝሽው የመሮጫ ጫማ አንጀቴን አቃጥሎት ነበር። እህትሽ ወይኒቱ ፍኖተ ሰላም ለክለብ ምርጫ ልትሮጥ ቀኑ ደርሷል፣ አሮጌው ጫማዋ አፉን ከፍቷል፣ አዲሱ ደግሞ አዲስ አበባ ጉምሩክ ተቀምጧል። ቀረጥ፣ በቀረጡ ላይ ታክስ፣ በታክሱ ላይ ሌላ ታክስ፤ ከጫማው ዋጋ ሊበልጥ ምን ቀረው! ጉምሩክ ደውዬ ስልኩን ላነሳው ልጅ "ጫማው አንድ ነው፣ ምነው ይኸን ያህል ወለደ?" አልሁት። ሳቀ እንጂ አልቀነሰም። እኔ የማውቀው የእህል ኬላ ነው፤ እዚያ እንኳ ፊት ለፊት ትከራከሪያለሽ። ጫማው ወደ ሻጩ ተመለሰ፣ ወይኒቱም ጥግ ይዛ እህል አልቀምስም አለች።

አንቺ ደግሞ ብልሃተኛዋ ሌላ ገዝተሽ በዳኘው እግር ላከሽው። እግር ላይ ያለ ጫማ አይቀረጥም ያልሽው እውነት ሆነ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ዳኘው ግን ቡሬ መናኸሪያ የደረሰው እያነከሰ ነው። እናቱ "ልጄን በሰው አገር ምን አደረጉብኝ" ብላ አለቀሰች። ሲያወልቀው ጣቶቹ ተቆላልፈው ነበር፤ ሞቅ ባለ ውኃ አጠብንለት፣ ጠላም ቀዳንለት።

ወይኒቱ ስታጠልቀው ደግሞ ተረከዟ ዋለለ። ቁጥሩን ብናይ ሠላሳ ዘጠኝ። የእሷ ሠላሳ ሰባት ነው። "ማነው ቁጥሩን የነገራት?" ብል እናትሽ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ለካስ በስልክ ስትጠይቂያት የወይኒቱን ጫማ ትታ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያንቺን አንብባልሽ ኖሯል፤ ያንን ለትምህርት ቤት ትሮጭበት የነበረውን። ቅዳሜ ቅዳሜ እያወረደች ትጠርገዋለች። ምን ያደርግልሻል ስላት "አይጥ እንዳይበላው" ትለኛለች። አቻምዬ፣ እኛ ቤት ጫማ የሚበላ አይጥ የለም። አንቺስ ብትሆኝ የገዛ ቁጥርሽ መሆኑ ጠፍቶሽ ነው? እህቴ አድጋለች ብለሽ ይሆናል።

ወይኒቱ ግን ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ወትፋ ሮጠች። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አሁን ወለቀ፣ አሁን ወለቀ እያልሁ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምሁ። ሦስተኛ ወጣች፤ ተመረጠች! ወንድ መሆኔን ረስቼ እልል አልሁ፤ ጎረቤታችን ያረጋል እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ክለቡ በልኳ ጫማ ሰጣት። አንቺ የላክሽውን አጥባ ከአሮጌሽ ጎን ሰቀለችው፤ እናትሽም አሁን ሁለት ጥንድ ትጠርጋለች። ዳኘው ኮንትራትሽ ግንቦት ላይ ያልቃል አለኝ። አድሽ፣ አታድሽ አልልሽም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ግንቦት ላይ እዚህ ጧት ጧት ለሩጫ ደግ ነው፣ አቧራውም ጋብ ይላል።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም። ስትመጪ ለኛ ብለሽ ምንም እንዳትይዥ። ለራስሽም ጫማ አትግዢ። ባዶ እግርሽን ነይ፤ በባዶ እግር ላይ ቀረጥ የለም፣ ጫማሽ እዚህ ነው።

አባትሽ ቢያድግልኝ